ስትዛወሩ ለልጃችሁ የግል የሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥራ ወይም ኑሮ ወደ ሌላ ከተማ ወይም ወደ ሌላ ሀገር ሲወስዳቸው ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ እነዚህን ነው፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ እሄዳለሁ።

የሴቶች ትምህርት ቤት ሲባል በትክክል ምን ማለት ነው?

ተማሪዎቹ ሴቶች ብቻ ናቸው። መምህራኑ ግን በአብዛኛው ሴቶችም ወንዶችም ናቸው። አንዳንዱ ትምህርት ቤት በአቅራቢያው የወንዶች አቻ አለው፤ ቲያትሩን፣ ክርክሩን፣ ሙዚቃውን አብረው ይሠራሉ። አንዳንዱ ደግሞ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ለወንዶችም ይከፍታል። ስለዚህ ስሙን ብቻ አይታችሁ አትለፉ። ከስንተኛ እስከ ስንተኛ ክፍል የሴቶች ብቻ እንደሆነ ጠይቁ። ወንዶችን መቀበል ለመጀመር ወይም ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር ለመዋሐድ ሐሳብ እንዳለውም ጠይቁ፤ እንዲህ ያለው ለውጥ ልጃችሁ ሳትጨርስ ሊመጣ ይችላል።

ታሪኩን ማወቅም ይጠቅማል። ከቀደምቶቹ ብዙዎቹ የተከፈቱት ሴት ልጅ ጠንከር ያለ ትምህርት የምታገኝበት በር ስላልነበራት ነው። ፍራንሲስ ሜሪ ባስ ለንደን ውስጥ ኖርዝ ለንደን ኮሌጂየትን የከፈተችው በ1850 እ.ኤ.አ. ነው። በእንግሊዝ ሴት ልጆች የካምብሪጅን የትምህርት ቤት ፈተና በይፋ እንዲወስዱ የተፈቀደላቸው ግን ገና በ1865 ነበር። ዛሬም ጥሩ የሴቶች ትምህርት ቤት የሚለየው በዚያው ነው፤ ሴት ልጅን ከከባድ ትምህርት አይከልላትም።

ለሴት ልጅ ለብቻ መማር በእርግጥ ይሻላል?

ጥናቶቹ አንድ ቃል አይናገሩም። በ2014 እ.ኤ.አ. ሳይኮሎጂካል ቡለቲን በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ግምገማ ከ21 ሀገሮች 184 ጥናቶችን ሰብስቦ መረመረ። 1.6 ሚሊዮን ያህል ተማሪዎችን ይመለከታል። በጥንቃቄ የተሠሩት ጥናቶች ያሳዩት ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ብዙ ጊዜ ውጤቱን ከፍ የሚያደርገው ትምህርት ቤቱ ከመጀመሪያውም ጎበዞችን መርጦ መቀበሉና የቤተሰቦቹ አቅም ነው።

በሌላ በኩል የሴኡል ጉዳይ አለ። እዚያ ተማሪዎች ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚመደቡት በዕጣ ስለነበር ማወዳደሩ ቀለል ይላል። በ2013 የታተመ ጥናት ለብቻ በሚማሩበት ትምህርት ቤት የተመደቡት ልጆች፣ ሴቶቹም ወንዶቹም፣ በዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የተሻለ ውጤት እንዳገኙ አሳይቷል። እኔ ከሁለቱ የምወስደው ይህን ነው፦ የሴቶች ትምህርት ቤት መሆኑ ብቻውን አይበቃም፣ አይጎዳምም። ልጃችሁ እዚያ ውስጥ ትናገራለች ወይስ ዝም ትላለች? እሱን ነው ማየት።

መፈለግ መጀመር ያለብን መቼ ነው?

ዝውውሩ እንደተሰማ። ከተቻለ ከዓመት በፊት። ብዙ ትምህርት ቤቶች አዲስ ተማሪ በብዛት የሚቀበሉት በተወሰኑ ክፍሎች ነው፤ በእንግሊዝ ለምሳሌ በ11፣ በ13 እና በ16 ዓመት። ከእነዚያ ውጭ ልጃችሁ የምትገባው ሌላ ተማሪ ለቃ በሄደችበት ቦታ ነው። ቦታው ደግሞ አንዳንዴ ትምህርት ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ይገኛል። ስለዚህ "ሞልቷል" ሲሏችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ግቡ፤ በየወሩም አጭር መልእክት ላኩ።

የትምህርት ዘመኑ መጀመሪያም ይለያያል። በሰሜኑ የዓለም ክፍል አብዛኛው ቦታ በነሐሴ ወይም በመስከረም ይጀመራል። በአውስትራሊያ ጥር መጨረሻ አካባቢ ነው። በደቡብ ኮሪያ መጋቢት፣ በጃፓን ሚያዝያ። ከአንዱ ወደ ሌላው የምትሄድ ልጅ ግማሽ ዓመት ልትደግም ወይም ልትዘል ትችላለች። ምርጫ ካላችሁ ለአካለ መጠን እየደረሰች ያለችን ልጅ ከእኩዮቿ ዕድሜ ብዙ እንዳትርቅ አድርጉ።

ትምህርት ቤቱ በጣም ብዙ ነው፤ ዝርዝሩን በምን እናሳጥረው?

በሁለት ጥያቄ። ስትገባ ማን ይቀበላታል? ስትወጣ ምን ይዛ ትወጣለች? ሌላው ሁሉ፣ መዋኛው፣ ዩኒፎርሙ፣ ስሙ፣ ከእነዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

የመጀመሪያውን ብዙ ወላጅ ይዘለዋል። የምትዛወር ልጅ ጓደኞቿን፣ ሰፈሯን፣ የምትታወቅበትን ስም ትታ ነው የምትመጣው። በ14 ዓመት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ "ባለፈው ዓመት አዲስ ገብተው የነበሩት ስንት ናቸው? የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሳምንታት ከማን ጋር ነው የሚያሳልፉት? ምሳ ሰዓት ብቻዋን የተቀመጠች ልጅን የሚያያት ማነው?" ጥሩ ትምህርት ቤት መልሱን በሰው ይነግራችኋል፤ የክፍል ኃላፊዋ እገሊት ናት፣ አንዲት ነባር ተማሪ ትመደብላታለች፣ በሦስተኛው ሳምንት ለወላጅ እንደውላለን ይላል። "እኛ እንደ ቤተሰብ ነን" ብሎ የሚያልፍ ከሆነ ገና አላሰበበትም።

ሌላ አንድ ነገር። ቤት ከመከራየታችሁ በፊት ትምህርት ቤቱን ምረጡ። በየቀኑ ሦስት ሰዓት በሰርቪስ የምትመላለስ ልጅ ከትምህርት በኋላ ያለው ክበብም ስፖርትም ያመልጣታል። ጓደኛ የሚገኘው ደግሞ እዚያ ነው።

አይቢ፣ አይጂሲኤስኢ፣ ኤ ሌቭል፣ ኤፒ... የትኛው ነው የሚሻላት?

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አረጋግጡ፦ እንደገና ትዛወራላችሁ? አዎ ከሆነ በብዙ ሀገር የሚገኝ ሥርዓት ምረጡ። እዚያው የምትቆዩና የሀገሩ ዩኒቨርሲቲ የምትገባ ከሆነ ደግሞ የሀገሩን ሥርዓት አትናቁ፤ ብዙ ጊዜ ቀጥተኛው መንገድ እሱ ነው።

አይጂሲኤስኢ የእንግሊዝን ሥርዓት የሚከተል ዓለም አቀፍ ትምህርትና ፈተና ነው፤ በተለምዶ ከ14 እስከ 16 ዓመት ሁለት ዓመት ይወስዳል። ከዚያ ኤ ሌቭል ይከተላል፤ ተማሪዋ ብዙውን ጊዜ ሦስት ትምህርት ብቻ መርጣ በጥልቀት ትሄድበታለች። አይቢ፣ ማለትም ኢንተርናሽናል ባካሎሬት፣ በብዙ ሀገር የሚሰጥ ሥርዓት ነው፤ ዲፕሎማውም ሁለት ዓመት ይወስዳል፤ ስድስት ትምህርት፣ ከዚያም በላይ የ4,000 ቃል የጥናት ጽሑፍ አለው። ምን እንደምትፈልግ ገና በ15 ዓመቷ የምታውቅ ልጅ ኤ ሌቭል ይስማማታል። ሁሉንም የምትወድ፣ መጻፍ የማይከብዳት ልጅ አይቢ ላይ ታብባለች። ኤፒ በአሜሪካ ሥርዓት በሁለተኛ ደረጃ የሚሰጥ የዩኒቨርሲቲ ደረጃ ትምህርት ነው፤ እያንዳንዱ ኮርስ በአንድ ዓመት ያልቃል፣ ፈተናው በግንቦት ነው። ለሚዛወር ቤተሰብ ይህ አጭርነቱ ይመቻል። ግን በአሜሪካ ሥርዓት ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለው ውጤት ሁሉ ትራንስክሪፕት በሚባለው የውጤት ዝርዝር ላይ ይገባል። የ9ኛ ክፍልን ማርክ እንደ ዋዛ አትዩት።

ብዙም የማይወራለት ጥሩ ነገር ላንሳ። የአይቢ ዲፕሎማ ተማሪ ትምህርት ቤቷ ከፈቀደና ከደገፋት የአፍ መፍቻ ቋንቋዋን ሥነ ጽሑፍ በራሷ አጥንታ እንደ አንድ ትምህርት ልትፈተንበት ትችላለች። ልጃችሁ ቋንቋዋን እንዳትረሳ ከተጨነቃችሁ ይህን ጠይቁ። አስተባባሪው ፊቱን ካጨማደደ ሌላ ትምህርት ቤትም ጠይቁ።

ልጄ 9ኛ ክፍል ናት፤ እነሱ ግን "ዪር 10" አሉኝ። አንድ ክፍል ዘለለች ማለት ነው?

አይደለም። የእንግሊዙ አቆጣጠር በአንድ ይቀድማል። ዪር 10 ማለት 9ኛ ክፍል ነው፣ ዪር 12 ማለት 11ኛ። በእንግሊዝ የክፍል ዕድሜ የሚለየው በሴፕቴምበር 1 ነው። በነሐሴ መጨረሻ የተወለደች ልጅ ከክፍሏ ትንሿ ትሆናለች።

ይልቅ ተጠንቀቁ፦ ዪር 10 የአይጂሲኤስኢ የመጀመሪያ ዓመት ነው። ዪር 11 ላይ የምትገባ ልጅ የሁለት ዓመት ትምህርት በግማሽ ጊዜ ልትሸፍን ነው። ትምህርት ቤቱ "ትችላለች" ቢላችሁም ዪር 10ን እንድትጀምር መጠየቅ ነውር የለውም።

ምን ምን ሰነድ እናዘጋጅ?

ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ያለው ሪፖርት ካርድ ወይም ትራንስክሪፕት፣ መልቀቂያ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ፓስፖርት፣ የክትባት ካርድ፣ ከመምህራን የድጋፍ ደብዳቤ። ብዙ ትምህርት ቤቶች የሂሳብና የቋንቋ መምህሯን ደብዳቤ ለይተው ይጠይቃሉ። ትራንስክሪፕቱ በቀጥታ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት መላክ ካለበት ከመሄዳችሁ በፊት ጨርሱት። ከሄዳችሁ በኋላ፣ በዕረፍት ወቅት፣ ቢሮ ውስጥ ስልክ የሚያነሳ ሰው ላታገኙ ትችላላችሁ። ያልተከፈለ ሒሳብ ካለም መልቀቂያ ሊያዝ ስለሚችል ቀድማችሁ ዝጉት።

የስሟን ፊደል ተመልከቱ። ፓስፖርቱ ላይ አንድ ዓይነት፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ ሌላ ዓይነት ከሆነ በኋላ የፈተና ምዝገባ ላይ ያስቸግራል። ሰነድ ማረጋገጥ ካስፈለገ ደግሞ ሁለቱም ሀገሮች የ1961 የሄግ የአፖስቲል ስምምነት አባል መሆናቸውን እዩ። ከሆኑ አንድ ማኅተም ይበቃል። ካልሆኑ በውጭ ጉዳይና በኤምባሲ በኩል ማለፍ አለባችሁ፤ ያ ደግሞ ጊዜ ይበላል።

የመግቢያ ፈተናና ቃለ መጠይቅ አለ። እንዴት ትዘጋጅ?

ፈተናው እንደ ሀገሩ ነው። በአሜሪካ አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች ኤስኤስኤቲ ወይም አይኤስኢኢ የሚባል የመግቢያ ፈተና ይጠይቃሉ። ወደ እንግሊዝ ከውጭ ለሚመጡ ዩኬአይሴት የሚባል በኮምፒውተር የሚሰጥ ፈተና አለ። ሌሎች የራሳቸውን የሂሳብና የእንግሊዝኛ ፈተና ይሰጣሉ። ናሙና ጠይቁና ሁለት ሦስቱን በሰዓት ትሥራ፤ አቀራረቡን መልመዷ ይበቃታል። ለወራት በአስጠኚ ተገፍታ የምትገባበት ትምህርት ቤት ከገባችም በኋላ እየገፋት ነው የሚቀጥለው።

ለቃለ መጠይቁ መልስ አታስጠኗት። ጠያቂዎቹ ወዲያው ይነቁበታል። ይልቅ ስለምትወደው አንድ ነገር፣ መጽሐፍም ይሁን ስፖርት፣ ሳትቸኩል አምስት ደቂቃ ማውራት ትለማመድ። ጥያቄ ይዛ እንድትሄድም ንገሯት። "አዲስ ልጅ ስትመጣ ማን ያሳያታል?" ብላ የጠየቀች ልጅ ከማንም በላይ ትታወሳለች።

የማስተማሪያ ቋንቋውን ገና በደንብ አትችልም። ይቀበሏታል?

ብዙዎቹ ይቀበላሉ። ጥያቄው ምን ያህል ይደግፏታል ነው። ጂም ከሚንስ የተባለው ተመራማሪ ለረጅም ጊዜ ያሳየው ነገር አለ። አዲስ ቋንቋ የሚማሩ ልጆች ለወሬና ለጨዋታ የሚሆነውን በሁለት ዓመት ገደማ ይይዙታል። የታሪክ ድርሰት ለመጻፍ፣ የባዮሎጂ መጽሐፍ ለመረዳት የሚያስፈልገው ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ሊወስድ ይችላል። በስድስት ወር ከጓደኞቿ ጋር ስትስቅ ሰምታችሁ "ቋንቋው ገባት" ብላችሁ ድጋፉን አታስቆሙ።

ድጋፉ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ ነው? ከየትኛው ትምህርት ላይ ተነስታ ነው የምትሄደው? ተጨማሪ ያስከፍላል? ከሳይንስ ክፍለ ጊዜ እየተነሳች ቋንቋ የምትማር ልጅ ቋንቋውን ስትይዝ ሳይንሱ ያመልጣታል። ሂሳብና ሙዚቃ ቶሎ የምትደምቅባቸው ቦታዎች ናቸው፤ እነሱን አትንኩባት።

ትምህርት ቤቱ እውነተኛና የታወቀ መሆኑን በምን እናውቃለን?

ብሮሹሩ ላይ ያለውን አርማ አትመኑ፤ አርማውን ወደሰጠው አካል ሂዱ። አይቢም፣ አይጂሲኤስኢንና ኤ ሌቭልን ከሚያዘጋጁት አንዱ የሆነው ካምብሪጅም እውቅና የሰጧቸውን ትምህርት ቤቶች በድረ ገጻቸው ላይ ያወጣሉ። ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶችን ከሚመዝኑት አንዱ የዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት፣ በምሕጻሩ ሲአይኤስ፣ ነው። አባልነትና እውቅና ይለያያሉ፤ "አባል ነን" የሚል ሁሉ ተመዝኖ አላለፈም። በእንግሊዝ የብዙ የግል ትምህርት ቤቶች የቁጥጥር ሪፖርት በነጻ ይነበባል። ቁጭ ብላችሁ አንብቡት፣ በተለይ ስለ ተማሪዎች ደኅንነት የተጻፈውን።

ከዚያ ደግሞ ወረቀት የማይነግራችሁ አለ። ባለፉት አምስት ዓመታት ስንት ርዕሰ መምህር ተለዋወጠ? መምህራኑ በአማካይ ስንት ዓመት ይቆያሉ? በየዓመቱ ግማሹ መምህር የሚለቅበት ቦታ ላይ ልጃችሁን የሚያውቃት ሰው አይኖርም።

ወጪው ምን ምንን ይጨምራል? የትምህርት ክፍያው ብቻ ነው?

አይደለም፣ ብዙ ወላጅ የሚደናገጠውም እዚህ ነው። የማይመለስ የማመልከቻ ክፍያ አለ። ቦታ ለመያዝ ዲፖዚት አለ። ከዚያ ዩኒፎርም፣ ሰርቪስ፣ ምሳ፣ ላፕቶፕ፣ የፈተና ምዝገባ፣ የትምህርት ጉዞ፣ የሙዚቃ መሣሪያ። እንደ ሆንግ ኮንግ ባሉ ቦታዎች ደግሞ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ዲቤንቸር የሚባል ትልቅ ገንዘብ ወይም ዓመታዊ የግንባታ ክፍያ ይጠይቃሉ። ሕግም ክፍያን ይለውጣል፤ ብሪታንያ ከጥር 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በግል ትምህርት ቤት ክፍያ ላይ 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ጥላለች። ያለፉት ሦስት ዓመታት ክፍያ በየዓመቱ በስንት እንደጨመረ ጠይቁና እስክትጨርስ ያለውን አስሉ።

ውሉን እስከ መጨረሻው አንብቡ። እኔ አላነበብኩም ነበር። ልጄን ከአንድ ትምህርት ቤት ሳስወጣ የአንድ ሙሉ ተርም (የትምህርት ዓመቱ አንድ ክፍል) ክፍያ ከፍዬ ወጣሁ፤ ለምን ቢባል ለመልቀቅ የአንድ ተርም ቀደም ያለ የጽሑፍ ማስታወቂያ ያስፈልግ ነበር። ዝውውራችን በድንገት ነው ብል ማን ሰማኝ። ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ይህ አንቀጽ አላቸው። የምትዛወሩት በሥራ ምክንያት ከሆነ ከመፈረማችሁ በፊት "በአሠሪ ውሳኔ ከተዛወርን ይህ ይቀርልን" ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ እሺ ይላል።

አሠሪ የሚከፍል ከሆነም ሦስት ነገር በጽሑፍ ያዙ፦ የትኞቹን ወጪዎች እንደሚሸፍን፣ እስከ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ፣ ሥራው ቢቋረጥ የዚያ ዓመት ክፍያ የማን እንደሆነ። አቅም ካነሰ ደግሞ ስኮላርሺፕና በገቢ ላይ የተመሠረተ ድጋፍ የተለያዩ መሆናቸውን እወቁ። የመጀመሪያው ለጎበዝ ነው፣ አንዳንዴም ቅናሹ ትንሽ ነው። ሁለተኛው የቤተሰቡን ገቢ አይቶ ነው። ለመጠየቅ አትፈሩ፤ ቀነ ገደቡ ግን ቀድሞ ስለሚያልፍ ገና ስታመለክቱ ጠይቁ።

በአካል ሄደን ማየት አንችልም። ምን እናድርግ?

በቪዲዮ ጎብኙ፣ ግን የተቀናበረውን ቪዲዮ አይደለም። የሚያሳያችሁ ሰው ስልኩን ይዞ በምሳ ሰዓት እንዲዞር ጠይቁ። መጸዳጃ ቤቱን አሳዩን በሉ። ይህን የምለው በምክንያት ነው። ሴት ልጆች በወር አበባቸው ቀን በንጹሕ፣ በሚዘጋ፣ ውኃ ባለው መጸዳጃ ቤት የማይጠቀሙ ከሆነ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው። ንጽሕና መጠበቂያ ያለ ጥያቄ የሚገኝበት ቦታ መኖሩንና ነርሷ በየትኛው ሰዓት እንዳለች ጠይቁ።

ከዚያ ሁለት ሰው አነጋግሩ፦ ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ የገባች ልጅ ወላጅ፣ እና አሁን እየተማረች ያለች ተማሪ። ወላጇን "ምን ባወቅሁ ኖሮ ትያለሽ?" በሏት። ትምህርት ቤቱ የሚያገናኛችሁ ሰው ሁሉ ደስተኛ ይሆናል፣ እሱ የታወቀ ነው። ይህ ጥያቄ ግን ደስተኛውንም ያናግራል።

ሂሳብና ሳይንስ በሴቶች ትምህርት ቤት ደከም ይላል ይባላል። እውነት ነው?

እንደ ትምህርት ቤቱ ነው፤ ማወቁ ደግሞ ቀላል ነው። በመጨረሻው ዓመት ካሉት ተማሪዎች ስንቶቹ ፊዚክስና ከፍተኛ ሂሳብ እንደሚወስዱ ቁጥር ጠይቁ። ፊዚክስ የሚያስተምረው ሰው የተማረው ፊዚክስ ነው? ላብራቶሪው ውስጥ ልጆቹ ራሳቸው ይሠራሉ ወይስ መምህሩ ሲሠራ ያያሉ?

ትንንሽ ትምህርት ቤቶች ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ዝርዝሩ ላይ ሃያ ትምህርት ይኖራል፤ የመረጡት ልጆች ሁለት ብቻ ከሆኑ ግን አይከፈትም። "ባለፈው ዓመት በትክክል የተሰጡት የትኞቹ ናቸው?" ብላችሁ ጠይቁ።

አዳሪ ብናስገባትስ? እኛ በተደጋጋሚ እንዛወራለን።

አዳሪ ትምህርት ቤት ለአንዳንድ ቤተሰብ ትልቅ መፍትሔ ነው። እናንተ ሦስት ሀገር ብትዞሩም እሷ አንድ ትምህርት ቤት ትጨርሳለች። ሙሉ አዳሪ አለ፣ ቅዳሜና እሁድ ቤት የምትመጣበትም አለ። ወሳኙ ጥያቄ ቅዳሜ ነው፦ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ስንት ልጅ ይቀራል? ሁሉም ወደ ቤቱ ሄዶ እሷና ሌሎች አራት ልጆች ብቻ የሚቀሩ ከሆነ እያንዳንዱ ሳምንት ረጅም ይሆንባታል። በማታ ኃላፊዋ ማን እንደሆነች፣ ስልክ በስንት ሰዓት እንደሚሰበሰብ፣ ብትታመም ማን እንደሚወስዳት እወቁ። በብሪታንያ ወላጆቿ ውጭ ሀገር ላሉ አዳሪ ተማሪ ትምህርት ቤቱ ብዙውን ጊዜ በሀገሩ የሚኖር አሳዳሪ ወይም ተጠሪ ይጠይቃል። ተጠሪው ለዕረፍት ቀናት ቤቱን የሚከፍትላት ሰው ይሁን።

አንድ ነገር ልናገር። አዳሪ መሄድ የሚገባት የምትፈልግ ልጅ ናት። "ትለምደዋለች" ተብላ የተላከች ልጅ ትለምደዋለች፣ ግን ለናንተ መንገር ታቆማለች።

ልጄ የሴቶች ትምህርት ቤት አልፈልግም ትላለች። እናስገድዳት?

መጀመሪያ ምን እንደምትቃወም ስሙ። ብዙ ጊዜ የምትጠላው ዝውውሩን ነው፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ቅርብ የሆነው ኢላማ ነው። እሷ ካልወሰነችበት ነገር መካከል የምትወስነው ነገር ስጧት። እናንተ ሦስት አጣሩ፣ እሷ ከሦስቱ ትምረጥ። ምርጫው እውነተኛ ይሁን፤ የማትፈልጉትን እዚያ ውስጥ አታስገቡ። ከተቻለም ለአንድ ቀን ገብታ ትማር። ብዙ ትምህርት ቤቶች ይህን ይፈቅዳሉ፣ ከአንድ ቀን በኋላ የምትናገረው ከወር ክርክር ይበልጣል።

አሁንም እምቢ ካለችና ምክንያቷን ማስረዳት ከቻለች ስሟት። ወንድና ሴት አብረው የሚማሩበት ጥሩ ትምህርት ቤት አለ።

የመማር ችግር ወይም የጭንቀት ሕመም አለባት። ስናመለክት እንንገራቸው?

እንንገር ነው መልሴ። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ቦታ እንዳትከለከል ትፈራላችሁ። ግን ተደብቆ የገባ ችግር በጥቅምት ይወጣል፤ ያኔ ትምህርት ቤቱ "አልተነገረንም" ይላል፣ አንዳንድ ውል ላይም መረጃ መደበቅ ለመሰናበት ምክንያት ነው። ንገሯቸውና ፊታቸውን እዩ። "ከዚህ በፊት እንዲህ ያለች ልጅ ነበረችን፣ ይህን አደረግን" የሚሏችሁ ከሆነ ቦታዋን አግኝታችኋል። ለፈተና ተጨማሪ ሰዓት የሚያስፈልጋት ከሆነም የቅርብ ጊዜ የባለሙያ ምርመራ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ ፈታኝ ድርጅቶች ያለ ማስረጃ አይፈቅዱም።

ከወላጅ አንዱ ብቻ ነው ይዟት የሚዛወረው። ትምህርት ቤቱ የሌላውን ፈቃድ ይጠይቃል?

ሊጠይቅ ይችላል፤ ባይጠይቅም ያዙ። የሌላውን ወላጅ የተረጋገጠ የጽሑፍ ፈቃድ ወይም የፍርድ ቤት የአሳዳጊነት ውሳኔ ለቪዛውም ለምዝገባውም ይጠቅማል። የ1980ው የሄግ ስምምነት በአባል ሀገሮች መካከል ከ16 ዓመት በታች ያለች ልጅ መብት ካለው ወላጅ ፈቃድ ውጭ ከምትኖርበት ሀገር ብትወሰድ እንድትመለስ የሚጠየቅበትን መንገድ ይዟል። አለመግባባት ካለ ዲፖዚት ከመክፈላችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ።

ለትምህርት ቤቱም ግልጽ አድርጉ፦ ሪፖርት ካርድ ለማን ይላካል፣ ከበር ማን ሊወስዳት ይችላል። ልጅቷ በሁለቱ መሐል መልእክተኛ እንዳትሆን።

11ኛ ክፍልን ግማሽ ላይ ነች። አሁን ብናዛውራት ምን ይሆናል?

ከሁሉም ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። የሁለት ዓመቱ ትምህርት አንዴ ከተጀመረ መሐል ላይ ትምህርት ቤት መቀየር በጣም ያስቸግራል። ከአይቢ ወደ አይቢ እንኳ ብትሄድ አዲሱ ትምህርት ቤት እሷ የጀመረቻቸውን ስድስቱን ትምህርቶች በዚያው ደረጃ ላይሰጥ ይችላል። በሥነ ጽሑፍ የሚነበቡት መጻሕፍት ይለያያሉ። ኤ ሌቭልም ላይ ፈታኙ ድርጅት ከተለየ የትምህርቱ ይዘት ይቀያየራል።

መንገዱ ሦስት ነው። አንደኛው እሷን እስክትጨርስ ማቆየት፦ ከዘመድ ጋር፣ ወይም ከወላጅ አንዱ ጋር፣ ወይም አዳሪ። ሁለተኛው 11ኛን እዚያ ሀ ብላ እንድትጀምር ማድረግ፤ አንድ ዓመት ይወስዳል፣ ግን ዩኒቨርሲቲ የምትገባበትን ውጤት ያድናል። ሦስተኛው ትምህርቶቹ አንድ በአንድ የሚገጥሙበትን ትምህርት ቤት መፈለግ ነው፤ ለዚህ ሁለቱ አስተባባሪዎች እርስ በርስ እንዲነጋገሩ ጠይቁ፣ እናንተ በመሐል አታስተርጉሙ። እኔ ብሆን መጀመሪያ የመጀመሪያውን እሞክራለሁ፤ ካልሆነ ሁለተኛውን። ሦስተኛው የሚሳካው አልፎ አልፎ ነው።

ገባች፤ ሁለት ወር ሆነ፤ አሁንም ታለቅሳለች። እናስወጣት?

ሁለት ወር ገና ነው። የመጀመሪያው ተርም ለብዙ ልጆች ከባድ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ሦስት ነገር ጠይቋት፦ ምሳ ከማን ጋር በላሽ? ዛሬ ስምሽን የጠራሽ መምህር ማነው? ደስ ያለሽ ክፍለ ጊዜ የቱ ነበር? መልሶቹ ቀስ እያሉ ከተለወጡ፣ አንድ ስም ከተደጋገመ፣ ታገሡ። ስትገባ ማን ይቀበላታል ብላችሁ የጠየቃችሁትን ሰው አሁን ደውሉለት። ቃል የገባውን አስታውሱት።

ጊዜ የማይሰጣቸው ምልክቶችም አሉ። ምግብ ማቆም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ራሷን መጉዳት፣ ስልኳን እያየች መደንገጥ፣ ሁልጊዜ ሰኞ ጠዋት መታመም። ልጃገረዶች አንዷን ሲያስጨንቁ ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም፤ ከቡድን መልእክት ያስወጧታል፣ ስትመጣ ወሬው ይቆማል። መምህር ላያየው ይችላል። ቀንና ስም ጽፋችሁ ለክፍል ኃላፊዋና ለአማካሪዋ በጽሑፍ አቅርቡ፣ መልስ የሚሰጣችሁን ቀንም አስቆርጡ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ምንም ካልተደረገ ወደ ርዕሰ መምህሩ ሂዱ። ያም ካልሰማ አስወጧት፤ የተርሙ ክፍያ ይቅር።